የአባባ ዘለቀ ዝናር እና ሦስቱ ፕሮፎርማዎች

እናንተዬ፣ «ለጀማሪ» የምትባለዋን ቃል የፈጠራት ሰው ነጋዴ ካልሆነ ስሜን ቀይሩት። እኔ በበኩሌ «ለጀማሪ» ተብሎ የተሸጠለትን ዕቃ ይዞ ጀምሮ የጨረሰ ሰው አላየሁም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ለበር የምንተያየው ጎረቤቴ ንብ አረባለሁ ብሎ ቆርጦ ተነሳና መጀመሪያ ጓንቱን፣ ቀጥሎ የፊት መረቡን፣ ቀጥሎ ማጨሻውን ገዛ። ቀፎው ላይ ሲደርስ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ንብ የሚያስቀምጥ ጤነኛ ሰው እንደሌለ ሚስቱ ነገረችው። አሁን መረቡን ሽንኩርት ሲከትፍ ያጠልቀዋል። የመሥሪያ ቤታችን አለቃም ክራር ልትማር አስባ ክራሩን፣ የክራሩን ቦርሳና የክራሩን ማስቀመጫ ገዝታለች፤ የቀራት ጣት ብቻ ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው፤ ግን እኛ ቁጭ ብለን፣ ተረጋግተን፣ ደረሰኝ ተቀብለን የታጠቅነውም እኮ እየተፈታብን ነው! እንዲያውም ረጋ ብሎ የሚታጠቅ ሰው የበለጠ ያስፈራኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሥራዬ ግዥ ነው። ካዛንቺስ ካለ አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ስገዛ ኖሬአለሁ። ታውቁታላችሁ መቼም፣ እኛ ዘንድ እርሳስ እንኳ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝርዝር መግለጫ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። እርሳሱ ሲመጣ አይጽፍም፤ ግን ሕጋዊ ነው። ይህ ነገር ሰው ላይ ይጋባል። ሽሮ ግዛ ተብዬ ስላክ ሦስት ሱቅ ሳልጠይቅ አልመለስም። ባለቤቴ ገነት እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔንም ያገባኝ አወዳድሮ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ ሆኜ አሸነፍኩ» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጉዳዩ ጥይት ነው። አትደንግጡ፣ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ።

የገነት አባት አባባ ዘለቀ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራ የሚይዙት ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠቆም የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ቂርቆስ፣ ከደምበል ጀርባ ወረድ ብሎ ነው። ከአገራቸው ሲመጡ ይዘውት የመጡትን ጠመንጃ ከብዙ ዓመት በፊት በሕግ አስረክበዋል። የቀረላቸው ዝናሩ ነው፤ አሮጌ የቆዳ ዝናር፣ ማኅደሮቹ ውስጥ ሃያ የተተኮሱ ቀለሆች የተሰኩበት። ቀለህ ማለት ያው ጥይቱ ተተኩሶ ሲያበቃ የሚቀረው ባዶ የነሐስ ቤት ነው፤ አረሩ ሄዷል፣ ባሩዱ ሄዷል፣ አፉ ክፍት ነው። አባባ በዓመት በዓል ዋዜማ ሃያውንም አውጥተው በሎሚና በአመድ ይወለውሏቸዋል። እንዲህ ሲያደርጉ ማንም አያናግራቸውም።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ልጃቸው ሰላም ልትዳር ሆነና ሽማግሌዎች መጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሙሽራው አያት አባባ ደምሴ ነበሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ ግን አንዱ ከወንዙ ወዲህ፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ። ወንዙ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ነው ይባላል። ቂሙ ግን ድልድይ የለውም። ማን ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የለም፤ ጠባዩ ብቻ ቀርቷል።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ በደህና አልቆ፣ እሺ ተብሎ፣ ተመራርቀው ሊነሱ ሲሉ አባባ ደምሴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዝናር ቀና ብለው አዩት። አዩት፣ ጠጋ አሉት፣ ከዚያ «አይ አቶ ዘለቀ! ዝናርዎም እንደኛው አርጅቶ ጥርሱ ረግፏል እኮ!» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ዘለቀም ከሁሉ በላይ ሳቁ። እኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት አማች ሆኜ ስለኖርኩ አውቃቸዋለሁ፤ አባባ የእውነት ሲያስቃቸው አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ያን ቀን እጃቸው ከዘራው ላይ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስጠሩኝ። ሳሎን ገብቼ ቁጭ ከማለቴ ዝናሩን ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ለሠርጉ እታጠቀዋለሁ» አሉኝ። «ያ ሰውዬ ሙሉ ዝናር ታጥቆ ነው የሚመጣው፤ አውቀዋለሁ። ባሩድ አልፈልግም፣ ጠመንጃ የለኝ ምን ሊያደርግልኝ! አፋቸውን ብቻ ዝጋልኝ። ለሚያይ ሰው ሙሉ ይምሰሉ። አንተ ዕቃ ግዥ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ አባባ።»

«ይቺ የመጨረሻዬ ናት። ከእንግዲህ የምድረው ልጅ የለኝም። በልጄ በሰላም ሠርግ ላይ በዚያ ሰው ፊት መሳቂያ አልሆንም።» አሉኝ። እኔ ደግሞ እኚህን ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ፤ እፈራቸዋለሁም። ሁለቱ ሲደመሩ የሚወጣው መልስ «እሺ አባባ» ነው። አልኩ።

እስቲ አሁን ፍረዱኝ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? አንድ አናጢ ጋ ሄዶ «ሃያ ሹል እንጨት ጥረብልኝ» ይል ነበር። በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። እኔ ግን ግዥ ያለ ጥናት አይጀመርም ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። የተተኮሰ ቀለህ መልሶ ስለመሙላት ፈለግኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ለካ በውጭ አገር ይህ ነገር ፈቃድ ያላቸው ዒላማ ተኳሾች እንደ ጓሮ አትክልት የሚከታተሉት የትርፍ ጊዜ ሥራ ኖሯል። ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ጋራዡ ከእኔ ቤት የሚሰፋ አንድ ሰውዬ በቪዲዮ አገኘሁ። ፈገግ ብሎ «ለጀማሪ ብዙ ነገር አያስፈልግም» አለና ለአርባ ደቂቃ የሚያስፈልገውን ዘረዘረ።

መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ እጀታ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር። የቀለሁን ቅርጽ የሚመልስ ጉርድ ብረት ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱ። ርዝመት መለኪያ ካሊፐር፣ ማጽጃ፣ መደርደሪያ ሣጥን፣ መነጽር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ሰውዬው ፈገግታውን አጠፋ። «ኪስህ ከሳሳ መጭመቂያው ላይ ቆጥብ» አለ፤ «ብረት ነው፣ ያገለገለ ብትገዛም ልጅህን ያወርሳል። ሚዛን ላይ ግን አትቆጥብ። ሚዛን ላይ የቆጠበ ጣቱን ይከፍላል።» እውነቴን ነው የምላችሁ ልቤ ተነካ። በሃያ ዓመት የግዥ ሥራዬ እንዲህ ጥርት ያለ ዝርዝር መግለጫ ሰጥቶኝ የሚያውቅ የሥራ ክፍል የለም። ብድግ ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

ገነት ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችው።

«ሚዛኑ ምን ሊሠራ ነው?» አለችኝ።

«ባሩዱን ሊመዝን።»

«ባሩድ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑን ልትመዝን ነው?»

«ገነትዬ፣ ማለቴ፣ ለጀማሪ ግዴታ ነው ይላል።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለችና ወደ ልብስ ማጠፏ ተመለሰች።

ሕጉንም አልዘነጋሁም፤ እኔ እኮ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። የመሥሪያ ቤታችንን የሕግ ባለሙያ ምሳ ጋብዤ «አንድ ሰው ባዶ ቀለህ ለጌጥ ቢታጠቅ ያስጠይቀዋል?» አልኩት። ጥብሱን ጎረሰ፣ አሰበ፣ «በመርህ ደረጃ አዎ፣ በአፈጻጸም ደረጃ ግን አይደለም» አለኝ። ሌላ ጎረሰና «ወይም ደግሞ በተቃራኒው» ብሎ ጨመረ። ሂሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ መግዛት ጀመርኩ። ደምበል አካባቢ ሱቁን ሊዘጋ የተዘጋጀ አንድ ወርቅ ሠሪ ያገለገለ ሚዛኑን ሸጠልኝ፤ ትንፋሽ እንኳ የሚመዝን ሚዛን ነው። ለመጭመቂያው ካዛንቺስ ወደማውቀው ጋራዥ ሄድኩ፤ ጋራዡ የለም፣ በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ አለ። ሠፈሩ ተነስቶ የት እንደሄደ እያጠያየቅኩ መካኒኩን ሌላ ጋራዥ ተቀጥሮ አገኘሁትና ሞርሳውን ለሳምንት አዋሰኝ። ሞርሳ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ከባድ ነገር ነው፤ ተሸክሜው አራት ፎቅ ስወጣ ጎረቤቴ የንብ መረቡን እንደለበሰ በሩን ከፍቶ አየኝ። ሁለታችንም ሰላም ብቻ ተባብለን ተላለፍን።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራሁትን ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ። ሃያውን ቀለህ መዘንኩ። ርዝመታቸውን ለካሁ። ቁጥር ሰጥቼ ሠንጠረዥ ሠራሁላቸው። ከሃያዎቹ ሰባተኛው በቁንጣሪ እንደሚቀል ደረስኩበትና ለገነት በኩራት ነገርኳት። «ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? ልትቀልበው?» አለችኝ። ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ የቀለሆቹ አፍ እንደተከፈተ ነው።

እንግዲህ ሹሉን ጫፍ የሚሠራልኝ ሰው መፈለግ ያለብኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። አንደኛው ወርቅ ሠሪው ነው፤ ከነሐስ አሳምሬ እሠራለሁ አለና የጠራውን ዋጋ ስሰማ ሰላም ሳትዳር ብትቀር ይሻላል አልኩ በልቤ። ሁለተኛው ሰንጋ ተራ ያለ፣ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ነው። ባለ ቶርኖው ቀለሁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወንድሜ፣ ማለቴ፣ ይሄ የጥይት ጫፍ ነው አይደል?» «ጌጥ ነው።» «ሁሉም ጌጥ ነው ነው የሚለው። እኔ ልጆች አሉኝ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጣልኝና እንነጋገር በቃ።» ማኅተምስ የት ጠፍቶ! ግን «ለአማቴ ዝናር ትብብር እንዲደረግለት» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛዋ እትዬ ዘነበች ናት። እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጧፍና ሻማ የምትሸጥ፣ ሰም እያቀለጠች ራሷ የምትሠራ ሴት ናት። ቀለሁን ሳሳያት ነገሩን አልጠየቀችኝም፤ ልቧን የሞላው ሰሙ ነው። «አፉ ላይ አፍስሼ ሹል አድርጌ ላውጣልህ? የስንት ደቂቃ ሥራ ነው! ለየትኛው ቅዱስ ነው?» አለችኝ። «ለአማቴ» አልኳት። ዋጋዋ ከወርቅ ሠሪው ጋር ሲተያይ ምጽዋት ነው።

ኮሚቴው ተቀመጠ፤ እኔና ገነት። «ሰም ይሁን ትላለህ?» አለችኝ ገነት። «ዝቅተኛ ዋጋ ነው» አልኳት። «እንጨት አስቀርፅ» አለችኝ። «እንጨት ያቀረበ ተወዳዳሪ የለም» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቃለ ጉባኤውን የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ያዝኩ።

እትዬ ዘነበች ሃያውንም ባንድ ከሰዓት ጨረሰቻቸው። ገነት ደግሞ የሙሽሪትን የጥፍር ቀለም፣ ያንን ወደ መዳብ የሚያደላውን፣ ጫፎቹ ላይ ሁለት ጊዜ ቀባችላቸው። እናንተዬ፣ አማሩ! አባባ ዘለቀ አንዱን አውጥተው በብርሃን ፊት አዙረው አዩት፤ ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። በደስታ እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃለሁ!

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር፣ እኩለ ቀን፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዳራሹ ከቂርቆስ ብዙ አይርቅም። አባባ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዝናሩን ከላይ ታጥቀው፣ ከዘራቸውን ወደፊት እየጠቆሙ መጡ። ሥነ ሥርዓቱ ታስቦ ነበር፤ አባባ ከገቡ በኋላ ልጃቸውን መድረክ ላይ ይመርቃሉ፣ ከዚያ ምሳ ይከፈታል። እኔ ከጎናቸው ነኝ። ኋላችን ሁለት ሰው ዘሎ ደግሞ አባባ ደምሴ፤ እሳቸውም በሙሉ ዝናር፣ አንገታቸውን አስግገው።

ሁሉን ነገር አስቤ አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር። ፍተሻን። በዚህ ከተማ ዳቦ ቤት ስንገባ እንኳ እጃችንን አንስተን እንደምንፈተሽ ሃያ ዓመት ካዛንቺስ የተመላለሰ ሰው እንዴት ይረሳል? ፈታሿ ወጣት ልጅ ናት። መሣሪያዋን አባባ ወገብ ጋ ስታስጠጋው ጮኸ። ነሐስ ነዋ፣ ለምን አይጮህ!

«አባባ ይቅርታ፣ ይሄ ምንድነው?» አለቻቸው።

«ዝናር።»

«ውስጡ ያለውስ?»

ቶሎ ብዬ ጆሮዋ ጋ ልጠጋ፣ «ሰም ነው» ልላት ስንደረደር አባባ ክንዴን ቆነጠጡኝ። አሁንም ቦታው ይጠቁራል። አባባ ወደ ኋላ ዞረው አዩ፤ አባባ ደምሴ ጆሯቸውን አቁመው ይሰማሉ። ሰልፉ በሙሉ ይሰማል። ገባኝ፤ ሰም ነው ከተባለ ይገባሉ፣ ግን ተዋርደው። ጥይት ነው ከተባለ አይገቡም፤ ልጃቸውን አይመርቁም።

«ጥይት ነዋ!» አሉ አባባ ጮክ ብለው። «ዝናር ውስጥ ምን ይቀመጣል? ሽሮ?»

ልጅቷ አለቃዋን ጠራች። አለቃው አምሳ ዓመት የሞላው፣ የድሮ ወታደር መሆኑ ከአቋሙ የሚታወቅ ሰው ነው። አንዱን መዞ አወጣ፣ መዳፉ ላይ አመዛዘነ፣ ጫፉን በጥፍሩ ጫን አደረገው። ጥፍሩ ገባ። ቀና ብሎ አባባን አያቸው፣ ከዚያ ሰልፉን አየ፣ ከዚያ ክንዴን የማሸውን እኔን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ማኅደሩ መልሶ ሰካው።

«አባባ» አለ ሁሉም እንዲሰማ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መግባት አይፈቀድም። ዝናሩን እዚህ ከእኔ ጋር ይተዉትና ይግቡ፤ በአደራ እጠብቀዋለሁ።»

እግዚአብሔር ይስጠው፣ ምን ያለ ሰው ነው! በር ከፈተልን። ግን አባባ ዘለቀ በተከፈተ በር የሚገቡ ሰው አይደሉም። «ዝናሬን በሰው ፊት ፈትቼ? በልጄ ሠርግ?» አሉ። «እዚሁ እቀመጣለሁ።» የፈታሾቹን የፕላስቲክ ወንበር ስበው በሩ ጎን ፀሐይ ላይ ቁጭ አሉ።

«የእርስዎስ አባባ?» አለ አለቃው ወደ አባባ ደምሴ ዞሮ።

አባባ ደምሴ ፈገግ ብለው አንዱን ጥይታቸውን በጣታቸው አንኳኩት። ቋ፣ ቋ። «ዋንዛ ነው ልጄ፤ የሠፈራችን አናጢ ነው የጠረበልኝ። በዚህ ዕድሜዬ እውነተኛ ተሸክሜ ወገቤ ይቆረጥ እንዴ?» አሉ። ዝናራቸውን እንደታጠቁ፣ ምንም ሳያፍሩ፣ ገቡ። እዚያ የቆመ ሰው አንድም አልሳቀም። የፈራነው ውርደት እንዲህ ሁለት ጣት በማታክል ሐቅ የሚያልፍ ኖሯል!

አባባን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ ሆኗል። አሁን «የኔ ደግሞ ሰም ነው» እንዳይሉ ጥይት ነው ብለው የማሉ ያህል ተናግረዋል። ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ገነት መጥታ ለመነች፤ በከዘራቸው ወደ ውስጥ ጠቆሟት። ውስጥ ሙዚቃው ተጀምሯል። እንግዳው እየመጣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፤ «ምነው አባባ ውጭ?» ይላል፤ «ጥይት ይዘህ አትገባም ብለውኝ ነው» ይላሉ፤ እንግዳው በአድናቆት ይገባል። ክብራቸው እያደገ፣ ልባቸው እየተሰበረ፣ እኔ ደግሞ ዝቅተኛውን ዋጋ እየረገምኩ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ከዚያ ሰላም ወጣች። ቬሏን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሚዜዎቿን ከኋላ አስከትላ፣ ቪዲዮ ቀራጩ እየሮጠ። «አባዬ ሳይመርቀኝ ምሳ አይከፈትም» ብላ ነው አሉ። ቀይ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። አባባ እጃቸውን አነሱ፤ ከምርቃቱ ግን እንባው ቀደመ። ቪዲዮ ቀራጩ ጠጋ፣ በጣም ጠጋ አለ።

ያኔ ነው ያየሁት። ያ ሁሉ የጥር ፀሐይ ነሐሱን አግሎት፣ ሰሙ ላልቶ፣ ሃያዎቹ ጥይቶች አንድ በአንድ ጎንበስ፣ ጎንበስ ማለት ጀምረዋል። ሰባተኛው ጭራሽ ተጋድሟል። የጥፍር ቀለሙ ተሰንጥቆ ከሥሩ ቢጫ ሰም ይታያል፤ አንዷ ጠብታ ነጩ ሱሪያቸው ላይ ልትደርስ ነው። ካሜራው ዝቅ ሊል ነው። ምን ብዬ ልጩህ?

ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ አባባ ደምሴ ከአዳራሹ ወጥተው ኋላዬ ቆመዋል። ዝናሩን አዩ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው፣ ራመድ ብለው፣ አባባ ዘለቀን ከአንገት እስከ ጉልበት ሸፈኗቸው።

«ብርድ እንዳይመታህ፣ ዘለቀ» አሉ።

በጥር፣ በእኩለ ቀን! አባባ ዘለቀ «የምን ብርድ...» ሊሉ ጀመሩ፤ ወደ ታች አዩ። ጋቢውን በሁለት እጃቸው አጠበቁት። «አዎ» አሉ በቀስታ፣ «ነፋስ አለ።» ከዚያ ምርቃቱ መጣላቸው፤ ምን ያለ ምርቃት! ሰልፉ ሁሉ አሜን እያለ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። አባባ ደምሴም ሌላ ወንበር አስመጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና ሁለቱም እስከ ማታ አልተነሱም። ምሳቸውን በር ላይ በሉ። «ውስጥ ማን ይሰማኛል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል» አሉ አባባ ደምሴ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ዛሬ አባባ ደምሴ እሑድ እሑድ ቂርቆስ አይቀሩም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባባ ዘለቀ ያቺን ታሪክ ያወራሉ፤ እንዴት ጥይት ታጥቀው እንደሄዱ፣ እንዴት በር ላይ እንዳስቀሯቸው፣ እንዴት ዝናሬን አልፈታም እንዳሉ። በየጊዜው ትጨምራለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ተጠራጣሪ እንግዳ «እውነተኛ ጥይት ነበር እንዴ አባባ?» አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባባ ዘለቀ ወደ አባባ ደምሴ ዞሩ፤ «ይኸው ምስክር፣ እሱን ጠይቀው» አሉ።

አባባ ደምሴ ጠላቸውን ፉት አሉ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«እኔ ሰማንያ ዓመት ስኖር» አሉ፣ «እንደዚያ ያለ ጥይት አይቼ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው።